ጢማሙ ሲስተር

ባለፈው ቅዳሜ ደባርቅ ገበያ መሐል ቆሜ ከአንዲት ድንች ሻጭ ጋር በዋጋ ስንነታረክ፣ ከኋላዬ "ሲስተር! ኧረ ሲስተር!" የሚል ጥሪ ሰማሁ። ዞር አልኩ። ድንች ሻጯም ቀና ብላ መጀመሪያ ጠሪዋን፣ ቀጥላ እኔን፣ በመጨረሻ ጢሜን አየች። ምንም አልተናገረችም። እስካሁን እምቢ ስትለኝ በቆየችው ዋጋ ድንቹን ሰፍራ ሰጠችኝ። ያዘነችልኝ ይመስለኛል።

ጠሪዋ ባለፈው ወር እኛ ክፍል ዐሥር ቀን ተኝተው የወጡ እናት ናቸው። ለእሳቸው ሌሊት ተነሥቶ ግሉኮስ የሚያስተካክል፣ መርፌ የሚወጋ፣ "ሽንት ወጣዎት?" ብሎ የሚጠይቅ ሁሉ ሲስተር ነው። ጠዋት በአጀብ ገብቶ ፋይል ገልጦ በእንግሊዝኛ አውርቶ የሚወጣው ደግሞ ዶክተር ነው። ለወንድ ነርስ በአማርኛ መጠሪያ አልወጣለትም። አንዳንዱ ታካሚ ዶክተር ይለኛል፤ እውነተኛው ዶክተር አጠገቤ ከቆመ ያን ጊዜ የጋዋኔን ቁልፍ መቁጠር እጀምራለሁ። ከተማ የቆየው ብራዘር ይለኛል። አያቴ እስክታርፍ ድረስ የጠራችኝ ድሬሰር እያለች ነው፤ በእሷ ዘመን ቁስል አጥቦ የሚያሽግ ሰው ስሙ እሱ ነበር። ከሁሉም ሲስተር ይሻለኛል፤ ቢያንስ ሥራውን አውቀው ነው የሚጠሩኝ።

እናትየው ትከሻዬን ስመው ሲያበቁ ወደ ቁም ነገሩ ገቡ። "የልጄ ልጅ እንዳንተ መሆን አማረው። አንዱ ሌቭል ይሻላል ይላል፤ አንዱ ዲግሪ ካልሆነ አይረባም ይላል፤ አንዱ ደግሞ ቅዳሜና እሑድ ብቻ ተምሮ የሚጨርስበት ኮሌጅ አለ ይላል። መዝገቡ ሰኞ ይዘጋል አሉኝ። የት ላስገባው ልጄ?"

"መዝገቡ ሰኞ ይዘጋል" ሲሉ የያዝኩት ፌስታል ከእጄ ሊወድቅ ነበር። ይቺን ዓረፍተ ነገር አውቃታለሁ። ከዐሥራ አራት ዓመት በፊት አንድ ወይፈን በልታብኛለች። መልሱን ልጀምርላቸው ስል ረዳቱ "ዳባት! ዳባት የቀረ!" እያለ ሲጮህ ጊዜ፣ እሳቸው ነጠላቸውን ሰብስበው ወደ መናኸሪያው ሮጡ። እኔ ድንቼን ይዤ ቀረሁ። ለዚህ ነው የምጽፈው።

ፈረንጆቹ "የተመዘገበ ነርስ" የሚሉት ማዕረግ አላቸው። ተምሮ፣ ተፈትኖ፣ ስሙ በባለሙያዎች መዝገብ ላይ የሰፈረ ማለት ነው። በመመዝገብ ከሆነ እኔን የሚቀድም የለም። ነርስ ከመሆኔ ሃያ ዓመት በፊት ተመዝግቤያለሁ። የጎንደር ሕክምና ኮሌጅ፣ የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ በ1989 ዓ.ም. ዳባት ወረዳ ላይ የጤና ክትትል ጣቢያ ከፍቶ በተመረጡ ቀበሌዎች ቤት ለቤት ሰው መቁጠር ጀመረ። ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን አገባ፣ ማን አገር ለቀቀ፤ እየተመላለሱ ይጠይቃሉ። የእኛ ቤት ተቆጠረ፤ እኔም በሁለት ዓመቴ እናቴ ጀርባ ላይ ሆኜ መዝገብ ገባሁ።

እንግዲህ በሕይወቴ መጀመሪያ ያየኋቸው የጤና ሰዎች እነዚህ ናቸው። እስክሪብቶና ሰሌዳ ይዘው አጥር ላይ ቆመው ውሻ ያዙልን የሚሉ። አንድ ጎረቤታችን ያረፉ ጊዜ ከወራት በኋላ መጥተው ቤተሰቡን "ሳል ነበራቸው? ትኩሳቱ ስንት ቀን ቆየ? እግራቸው አብጦ ነበር?" እያሉ ግማሽ ቀን ሲጠይቁ ዋሉ። በሽታው የሚታወቀው ከሞት በኋላ በጥያቄ ነው። አያቴ ይኼን አይታ ፍርዷን ሰጠች፦ "እነዚህ ይጽፋሉ እንጂ አይወጉም።" ለእሷ የማይወጋ ሐኪም ከነጎድጓድ በኋላ እንዳልዘነበ ሰማይ ነው። እኔ ግን ቀናሁባቸው። እስክሪብቶው ባለ አራት ቀለም ነበር።

2003 ዓ.ም. ላይ ዐሥረኛ ክፍል ጨረስኩ። ያን ጊዜ ዐሥረኛ ላይ አገር አቀፍ ፈተና ነበር፤ ዛሬ ቀርቷል። ነጥብ የሞላለት መሰናዶ ገብቶ ወደ ዩኒቨርሲቲ ያመራል፤ የጎደለበት ወደ ቴክኒክና ሙያ። የእኔ በጥቂቱ ጎደለች። "በጥቂቱ" የምትለዋን ቃል አባቴ ለጠየቀው ሁሉ እየደጋገመ፣ እስከ ገና ድረስ ለምስክርነት አቆማት።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቤታችን ጉባኤ ተቀመጠ። የንስሐ አባታችን መምህርነት ይሻላል አሉ። ደባርቅ የሚኖረው አጎቴ፣ በሰሜን ተራሮች ለቱሪስት በቅሎ የሚያከራየው፣ እንግሊዝኛ ልማርና አስጎብኚ ልሁን አለ። እናቴ ሐኪም ይሁን አለች። ሐኪም ስትል ዶክተር ይሁን፣ ነርስ ይሁን፣ መድኃኒት ሻጭ ይሁን ለይታ አይደለም፤ ነጭ ጋዋን ማለቷ ነው። "ይኼ ልጅ እኮ ደም ይፈራል፤ ለፋሲካ በግ ሲታረድ ጓዳ ነው የሚገባው" ብሎ አጎቴ አጋለጠኝ። እናቴ መለሰችለት፦ "የሰው ደም ከበግ ደም አንድ ነው እንዴ?" በዚህ ጉባኤው ተዘጋ። አያችሁ፣ እኔን ማንም አልጠየቀኝም። ቢጠይቁኝም መልስ አልነበረኝም፤ የማውቀው እስክሪብቶውን ነው።

ከዚያ አንድ የሩቅ ዘመድ ብቅ አለ። በዚህ አገር የትምህርት ጉዳይ የሚያማክረው ሁልጊዜ የሩቅ ዘመድ ነው። አንዲት ከተማ ውስጥ የግል ኮሌጅ አለ፣ ነርሲንግ በዲግሪ ያስተምራል፣ መዝገቡ ሰኞ ይዘጋል አለ። ዕለቱ ዓርብ ነበር። ወይፈኑ ቅዳሜ ተሸጠ። እሑድ ማታ አባቴና እኔ ያቺ ከተማ ገብተን አልጋ ያዝን፤ ሰኞ ጠዋት በር ሲከፈት አንደኛ ተሰላፊዎች እኛ ነበርን። ሁለተኛ ተሰላፊ አልነበረም። እዚያ ጋ መንቃት ነበረብን።

የመዝጋቢው ክፍል ግድግዳ ላይ በመስታወት የተሸፈነ ወረቀት፣ ክብ ማኅተም ያለው፣ ተሰቅሏል። መዝጋቢው ሻይ አዘዘልን። አባቴ ጋቢውን አስተካክሎ ጠየቀ፦ "ዲግሪ ነው?"

"ወደ ዲግሪ ነው" አለ መዝጋቢው።

እነሆ፣ የሕይወቴ ዐሥራ አራት ወር "ወደ" በምትባል ሁለት ፊደል ውስጥ ገብታ ቀለጠች። አባቴ አልሰማትም፤ እኔ ሰምቼ ሰዋስው መሰለኝ። ሰውዬው ግን አልዋሸም። ትምህርቱ "ወደ" ዲግሪ ነበር፤ ከደባርቅ የተነሣ መኪና ሁሉ "ወደ" አዲስ አበባ እንደሆነው።

ደብተር ሙሉ ጻፍኩ። መምህሮቻችን ከሌላ ቦታ ሥራ እየወጡ ማታ ማታ የሚመጡ፣ ደክሟቸውም የሚያስተምሩ ጎበዞች ነበሩ፤ እነሱን አልከስም። ሆስፒታል ገብተን በሽተኛ ስለምናይበት ጊዜ በጠየቅን ቁጥር ግን "በሚቀጥለው ሴሚስተር" እንባላለን። ከዐሥራ አራት ወር በኋላ አንድ ቀን የጽዳት ሠራተኛዋ የመዝጋቢውን ክፍል መስታወት ስትወለውል እኔ ክፍያ ለመክፈል ቆሜያለሁ። "አንተ ልጅ" አለችኝ፣ "እዚህ የተጻፈው ከተማ የት ነው?" ቀረብኩና አነበብኩ። የዕውቅና ፈቃዱ የተሰጠው ሌላ ከተማ ላለ ቅርንጫፍ ነው። ትምህርቱም ነርሲንግ አይደለም። ዐሥራ አራት ወር ከፊቱ ቆሜ ስከፍል ማኅተሙን እንጂ ጽሑፉን አይቼ አላውቅም። እሷ በየሳምንቱ ስትወለውለው አንብባዋለች።

የክፍያው ገንዘብ አልተመለሰልንም። ለመሳፈሪያ ብቻ ሰጡን፤ ያችንም አስፈርመው። ኮሌጁ ዛሬ የለም። ሕንፃው ላይ የቤት ዕቃ መሸጫ ተከፍቶበታል፤ ባለፈው ሳልፍ አየሁት፣ ቁም ሳጥኖቹ ጥሩ ናቸው።

ወደ ዳባት መመለስ አፈርኩ። ቀጥ ብዬ ደባርቅ አጎቴ ዘንድ ሄድኩ። አጎቴ የወይፈኑን ነገር አላነሣም፤ የበቅሎዋን ልጓም ሰጠኝና "ተራችን ነገ ነው" አለኝ። ሻንጣዬ ውስጥ የተረፈችኝ ንብረት አንዲት ነበረች፤ ኮሌጁ "ለተግባር ትምህርት" ብሎ ያስገዛን የደም ግፊት መለኪያ። እሷን ይዤ ወደ ተራራው ወጣሁ።

የሰሜን ተራሮች ፓርክ በፈረንጅ 1978 የዓለም ቅርስ መዝገብ የገባ ነው፤ እሱም የተመዘገበ ነው እንግዲህ። ቱሪስቱ ደባርቅ ጽሕፈት ቤት ከፍሎ፣ ጠመንጃ ያነገበ ስካውት ተመድቦለት፣ በቅሎ ተጭኖለት በሳንቃበር፣ በግጭ፣ በጨነቅ እያለ ይሄዳል። በመጀመሪያው ጉዞዬ ሦስተኛው ቀን ግጭ ሰፈር ላይ ነን፤ ከባሕር ወለል በላይ 3,600 ሜትር ገደማ። ከእንግዶቹ አንዱ፣ ሸምገል ያለ ሰውዬ፣ ጠዋት ከድንኳኑ አልወጣም። ራሱን ይዟል፤ ቁርሱንም አስመልሶታል።

አስጎብኚው ተደናግጦ "ሐኪም ያለ?" ሲል፣ እናቴ ከዳባት ሆና ጀርባዬን የገፋችኝ መሰለኝ። መለኪያዬን ይዤ ገባሁ። ሰውዬው በብርድ ምክንያት ሹራብ፣ በላዩ ሌላ ሹራብ፣ በላዩ እንደ ፍራሽ የተነፋ ጃኬት ለብሷል። እኔ ያንን ሁሉ አስወልቄ ማስጨነቅ ነውር መስሎኝ ጨርቁን በጃኬቱ ላይ ጠመጠምኩት። ነፋሁ። አዳመጥኩ። የለም። ደግሜ ነፋሁ። ከውጭ በቅሎዋ ገለባ ስትቆረጥም ይሰማኛል እንጂ ከሰውዬው ክንድ አንዳች ድምፅ አልመጣም።

በከባድ ፊት ወጥቼ "ግፊቱ ጠፍቷል" አልኩ።

አስጎብኚው ይህንን ቃል በቃል ተረጎመው። ሚስትየው ጮኸች። ስካውቱ ጠመንጃውን አስቀምጦ አማተበ።

በዚህ መሐል አጎቴ መጣ። ድንኳኑን ገልጦ ሰውዬውን ለአፍታ አየው። "ትናንት ደህና ነበር? ራሱን ነው? ያስመልሰዋል? ሲራመድ ይንገዳገዳል?" ብሎ ለአራቱም መልስ ተቀበለ። ከዚያ ወደ በቅሎዋ ሄዶ ኮርቻውን ማጥበቅ ጀመረ። "ምን ልስጠው ጋሼ?" አልኩት። "ቁልቁለት" አለኝ። ሰውዬውን ደግፈን አወጣንና ወደ ሳንቃበር አወረድነው። ማታ ላይ ሾርባ ጠጣ፤ ሲመሽ ለአጎቴ ሲጋራ ጋበዘው። እኔን ግን ዓይኑ ባየኝ ቁጥር ክንዱን ይሸፍናል።

ከዓመታት በኋላ የነርሲንግ መጽሐፍ ላይ ስለ ከፍታ ሕመም አነበብኩ። ምልክቶቹ አጎቴ የጠየቃቸው ናቸው። መጽሐፉ በመጀመሪያ ደረጃ የሚያዝዘው ሕክምና ሕመምተኛውን ወደ ዝቅተኛ ቦታ ማውረድ ነው። አጎቴ ፊደል የቆጠረው ቄስ ትምህርት ቤት ብቻ ነው።

በተራራው አንድ ዓመት ሠርቼ ገንዘብ ቋጠርኩ። በዚህ ጊዜ ወደ መንግሥት የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ነው ያመለከትኩት። በክልላችን ስማቸው የታወቀ አሉ፤ ጠዳ፣ ባሕር ዳር፣ ደሴ፣ ደብረ ማርቆስ፣ ደብረ ብርሃን። የትኛው ውስጥ እንደገባሁ አልናገርም፤ ቀጥሎ የማወራው ጥፋት የራሴ ስለሆነ ስማቸውን ማንሣት ደግ አይደለም። በቴክኒክና ሙያው መንገድ፣ ሌቭል 4 ነርሲንግ፣ ሦስት ዓመት። ማስታወቂያው ሲወጣ እንዳለፈው አልሮጥኩም። ሰሌዳው ላይ የተለጠፈውን ከላይ እስከ ታች፣ ማኅተሙ ሥር ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ ሳይቀር፣ ድምፄን አውጥቼ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የኋላዬ ተሰላፊዎች ዳዊት የምደግም መስሏቸው ነበር።

መርፌ መውጋት የተለማመድኩት በድንች ላይ ነው። መጽሐፉ ብርቱካን ይላል፤ በእኛ ዶርም ግን ብርቱካን የሚገዛ አልነበረም፤ ከዳባት አንድ ጆንያ ድንች የሚልክ አባት ግን ነበረኝ። ሠላሳ ልጅ በእኔ ድንች ጡንቻ ላይ መውጋት ተምሯል። ማታ ደግሞ ያንኑ ቀቅለን እንበላለን፤ በእርግጥ የተወጋበትን ቦታ ቆርጠን። ደም መፍራቴስ? ድንች ደም የለውም። የመጀመሪያው ሰው ላይ ግን፣ አንዲት ወላድ ላይ፣ ካኑላ ላስገባ ደሟ ጓንቴ ላይ ጠብ ሲል ጉልበቴ ከዳኝ። እሷ ናት በሌላ እጇ ክንዴን የያዘችኝ። "አይዞህ ወንድሜ፣ አይዞህ" አለችኝ። ምጥ ላይ ሆና!

ሲኦሲ የሚባለው የብቃት ምዘና ላይ ደረስኩ። እሱን ሳያልፉ ሌቭል 4 ማለት ቁጥር ብቻ ነው፤ አትቀጠርም፣ ወደ ዲግሪም አትሻገርም። የተግባሩ ፈተና አልጋ ላይ ለተጋደመች አሻንጉሊት ቁስል ማሸግ ነበር። መዛኙ ሰሌዳ ይዞ ቆሟል። ያ የልጅነቴ እስክሪብቶ፣ ባለ አራት ቀለሙ፣ ራሱ! ልቤ ደነገጠ። "እማማ እንዴት አደሩ" አልኳት አሻንጉሊቷን። መዛኙ ምልክት አደረገ፤ ሰላምታ ነጥብ አለው። "ቁስልዎን ላጥብልዎ ነው፣ ትንሽ ሊያምዎት ይችላል" አልኳት። አሁንም ምልክት። ጓንቴን በሥርዓቱ አጠለቅኩ፤ ፋሻውን እንደ ቄስ ጥምጣም አሳምሬ አሰርኩ። ስጨርስ "እግዜር ይማርዎት" ብዬ መረቅኳት። መዛኙ ሳቁን ዋጥ አድርጎ ጻፈ።

ወደቅኩ። ጓንት ከማጥለቄ በፊት እጄን አልታጠብኩም።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ዳባት ገባ። "እጁን ባለመታጠቡ ወደቀ" የሚለው ነገር ለሰፈራችን ሰው ፈጽሞ ሊገባው አልቻለም። ለእራት ነው ወይ ይላሉ። እናቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቷ ስገባ ማስታጠቢያውን ሳትይዝ ወንበር አትሰጠኝም። እንግዳ ካለም እያየ ነው የምታስታጥበኝ። በሁለተኛው ዙር እጄን እስኪላጥ አጥቤ፣ 2009 ላይ አለፍኩ።

የተመደብኩት ከሊማሊሞ በታች፣ ቆላ፣ አንድ ጤና ጣቢያ ነው። ከደባርቅ ብርድ ተነሥተህ ያንን ጣሊያን የሠራውን ጠመዝማዛ ስትወርድ፣ መጀመሪያ ጋቢህን ታወልቃለህ፣ ቀጥሎ ሹራብህን፣ ዛሪማ ስትደርስ የቀረህን ማውለቅ ነውር ስለሆነ ብቻ ትተወዋለህ። እዚያ ነርስ ማለት ሁሉም ነገር ነው። ጠዋት ተመላላሽ ታካሚ ታያለህ፤ ከሰዓት ሕፃን ትከትባለህ፤ ሌሊት ወባ ያንቀጠቀጠው ሰው በቃሬዛ ይመጣብሃል። በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው የሚሠሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሴቶች አገሩን ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ የትኛዋ ነፍሰ ጡር ከየትኛው ገደል ሥር እንዳለች የሚነግሩኝ እነሱ ነበሩ። እኔ ሦስት ዓመት የተማርኩትን እነሱ በአንድ ዓመት ሥልጠና ጀምረው በእግራቸው ጨርሰውታል።

2013 ክረምት የሰሜኑ ጦርነት ያንን ቆላ ያዘው። ከአዳርቃይ፣ ከዛሪማ የወጣው ሕዝብ በዚያው ጠመዝማዛ ሽቅብ ደባርቅ ገባ፤ እኔም ከነሱ ጋር። ትምህርት ቤቶች በተፈናቃይ ሞሉ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ዳባት ወረዳ ጭና ላይ የደረሰውን እልቂት አገር ያውቀዋል፤ እዚህ አላወራውም። በዚያ ሰሞን ግን አንድም ሰው "ሌቭል ነህ ዲግሪ?" ብሎ አልጠየቀኝም።

ጥያቄው የተመለሰው ሰላም ሲመለስ ነው። ዕድገት ሲመጣ ዲግሪ፤ ዝውውር ሲመጣ ዲግሪ። ሜሪላንድ ያለችው የአክስቴ ልጅ በዚያው ሰሞን ደወለች። እሷ እዚያ ስትደርስ አረጋውያን እያጠበች በረዳትነት ነው የጀመረችው፤ ሲኤንኤ ይሉታል። ከዚያ የሁለት ዓመት ኮሌጅ ገብታ ነርስ ሆነች። "እንዴት በሁለት ዓመት?" አልኳት፤ ሦስት ዓመት ተምሬ ሌቭል ተብዬ የቀረሁትን ሰው ቅናት ያዘኝ። "የሁለት ዓመቱም የአራት ዓመቱም አንድ ፈተና ነው የሚቀመጠው፣ ኤንክሌክስ" አለችኝ። "ካለፍክ ሁለቱም የተመዘገበ ነርስ ነው። ዲግሪ ለሌለው ትልልቆቹ ሆስፒታሎች ፊት ይነሡታል፤ እየሠራ ይቀጥላታል።" እኔ ደግሞ የወይፈኑን ታሪክ ነገርኳት። ረጅም ጊዜ ዝም አለችና "አንተ፣ እዚህም እንደዚያ ያለ አለ እኮ" አለች። ይኼ በጣም አጽናናኝ።

2015 ላይ ዲግሪውን ጎንደር ጀመርኩ። ጎንደር ለዚህ ሙያ ባዕድ አይደለችም። የወባ ወረርሽኝ ደንቢያን ከፈጀ በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጁ የተከፈተው እዚሁ ነው፤ የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያ አንድ ላይ አሠልጥኖ በቡድን ወደ ገጠር የሚልክ። አያቴ ድሬሰር ስትል ከነሱ አንዱን አይታ ይሆናል።

የሙያውን ታሪክ ሳነብ ደግሞ ልዕልት ፀሐይን አገኘኋት። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ፣ በስደቱ ዘመን ለንደን የሕፃናት ሆስፒታል ገብታ እንደማንኛዋም ተማሪ ሦስት ዓመት ሠልጥና፣ በፈረንጅ 1939 በነርስነት የተመዘገበች። ከድል በኋላ አግብታ ለቀምት ወረደች፤ ነሐሴ 1934 ዓ.ም. በእርግዝና ምክንያት እዚያው ሞተች፤ ከሠርጓ አራት ወር እንኳ አልሞላትም። በስሟ አዲስ አበባ የተሠራው ሆስፒታል ዛሬ ጦር ኃይሎች የምንለው ነው። ይህን ለእናቴ ነገርኳት። "ንጉሡ ልጃቸውን ድሬሰር አደረጓት?" አለች። አዎ አልኳት። ቡናውን ቀድታ እስክትጨርስ አሰበች። "የእኛስ ወይፈን ታዲያ ምን ይገርማል!" አለች።

ዲግሪው አለቀ። መውጫ ፈተና፣ በላዩ የሙያ ፈቃድ ምዘና፤ ሁለቱንም እጄን ታጥቤ ገባሁ። የሙያ ፈቃዱን እናቴ ከማርያም ሥዕል ሥር ልትሰቅለው ስትል በየጊዜው እንደሚታደስ ነገርኳት። "እንደ ጋቢ ይታጠባል እንዴ?" አለች። አዎ፣ እየሠለጠንክ ካላሳደስከው ያረጃል። ከእኔ ጋር ከተመረቁት ወጣቶች መካከል ደግሞ ፈቃዱን በፌስታል ይዘው "በጀት የለም" እየተባሉ እስካሁን ቅጥር የሚጠብቁ አሉ። ይህንንም ለልጁ ሳልነግረው ባልፍ እኔም እንደዚያ መዝጋቢ መሆኔ ነው።

እንግዲህ እማማ፣ ወደ ልጁ ልመለስ። እኔ የሄድኩበት መንገድ ለእሱ አይሆንም፤ የዐሥረኛው ፈተና ቀርቷል። አሁን ዐሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ሃምሳ በመቶ ማምጣት አለበት፤ ቀላል አይምሰልዎት፣ በ2014 ከተፈተነው ሁሉ ያመጣው 3.3 በመቶ ነው። ካመጣ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ፣ የመጀመሪያ ዓመቱን ተምሮ፣ በውጤቱ ነርሲንግ ይመርጣል፤ እዚሁ ደባርቅ ዩኒቨርሲቲም ትምህርቱ አለ፣ ከቤትዎ ብዙ ሳይርቅ ሊማር ይችላል። ካላመጣ በማካካሻ ትምህርት ሊሞክር ይችላል፤ ወይም በሌቭል ጀምሮ፣ ሲኦሲውን አልፎ፣ ሠርቶ፣ እንደኔ ይሻገራል። ይረዝማል እንጂ አይዘጋም። ቅዳሜና እሑድ ብቻ የሚያስተምረውን ኮሌጅ ደግሞ አንድ ነገር ይጠይቁልኝ፤ ልጁ በሽተኛ የሚነካው በየትኛው ሆስፒታል፣ ከስንተኛው ወር ጀምሮ ነው? "በሚቀጥለው ሴሚስተር" ካሉ ሻዩን ጠጥተው ይውጡ።

ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀትም ልጁ ራሱ ድምፁን አውጥቶ ያንብበው፤ የከተማውን ስም፣ የትምህርቱን ስም፣ ደረጃውን። "ወደ" የምትል ቃል ካለች ጮክ ይበልባት።

ሰኞ ስለሚዘጋው መዝገብ አይጨነቁ። ያ የእኔው ሰኞ የሚዘጋ መዝገብ ጥር ላይም ተማሪ ይመዘግብ ነበር። ገንዘቡን ከመቀነትዎ ሳይፈቱ ልጁን ይዘው ይምጡ። እስከ ዓርብ የሌሊት ተረኛ ነኝ፤ ሆስፒታሉ በር ላይ ጢማሙን ሲስተር ብለው ይጠይቁ፣ ጥበቃዎቹ ያውቁኛል።